መርፌዋ የባዘነች ቀን

የከተማውን አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ የሚያይ ሰው፣ ሲጀመር ምን ይመስል እንደነበር ቢነግሩት "እናንተ ደግሞ!" ብሎ ይስቃል። ሣር ነበር። ከብት የሚግጥበት ሜዳ፣ ዳር ላይ አንዲት የቆርቆሮ ቤት፣ የቤቷ ጣሪያ ላይ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ የጨርቅ ከረጢት፤ በቃ። አውሮፕላን መጣ ሲባል መጀመሪያ ላሞቹ ይባረራሉ። ሰማዩ ከከበደ ደግሞ በሜዳው ግራና ቀኝ የተደረደሩት የዘይት በርሜሎች ይለኮሳሉ። አብራሪው ጭሱን አይቶ ይወርዳል፤ ጭሱን ካላየ የመጣበትን መንገድ ይዞ ይመለሳል፤ ያውም ነዳጅ ከተረፈው ነው።

በርሜሎቹን ይለኩስ የነበረው የሽቦ አባት ነው።

"ሽቦ" የመሥሪያ ቤት ስሟ ነው። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ ከኪሷ ቁራጭ ሽቦ ስለማይጠፋ ነው የሚሉም አሉ። እሷ "ብቻ ጥሩኝ እንጂ አቤት እላለሁ" ብላ ታልፋለች። የቢኮኑ ቴክኒሻን ናት።

ከጭሱ በኋላ መብራት መጣ፤ የውሃ ታንከሩ አናት ላይ የሚሽከረከር፣ ሕፃናት ደጅ ወጥተው የሚቆጥሩት መብራት። ከመብራቱ በኋላ አስፋልቱ መጣ። ከአስፋልቱ በኋላ ነው ቢኮኑ የመጣው። ቢኮን የሚሉት ከከተማው ዳር ባለው ኮረብታ ላይ የቆመ ረጅም የብረት ምሰሶና ከሥሩ ያለች አንዲት የሲሚንቶ ክፍል ነው። ከምሰሶው አንድ ዓይነት የሬዲዮ ድምፅ ያለማቋረጥ ይወጣል። አውሮፕላኑ ውስጥ ደግሞ ያንን ድምፅ ተከትላ ወደ ኮረብታው የምትጠቁም አንዲት መርፌ አለች። አብራሪው ደመና ውስጥ ሆኖ፣ የራሱን ክንፍ ጫፍ እንኳ ሳያይ፣ መርፌዋን አምኖ ኮረብታው አናት ላይ ይደርሳል። ከዚያ የታወቀውን አቅጣጫ ይዞ እየዞረ ይወርዳል፤ ከደመናው ሥር ሲወጣ አስፋልቱ ከፊቱ ነው። መርፌዋ ከዋሸችው ግን ከፊቱ የሚቆመው ተራራ ነው።

ይህ ታሪክ በሆነበት ዓመት አዲስ መሣሪያ መጣ። ከአስፋልቱ ጫፍ የማይታይ ጨረር እየላከ አውሮፕላኑን እስከ መሬት እጁን ይዞ የሚያወርድ፣ ከቢኮኑ ጋር ጨርሶ የማይወዳደር ነገር ነው። ሠራተኞቹ "ሙሽራዋ" አሏት። ለሙሽራዋ አዲስ ክፍል ተሠራላት፣ አጥር ታጠረላት፣ ቀለም ተቀባላት። ልዩ አውሮፕላን መጥቶ ጨረሯን በአየር ላይ እስኪፈትሽ ድረስ ግን አብራሪ እንዲጠቀምባት አይፈቀድም። ፍተሻው በሚቀጥለው ሳምንት ይባላል፤ ሳምንቱ ሲደርስ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። እስከዚያ ድረስ የኮረብታው ባትሪዎች ሳይቀሩ "ለጊዜው ነው" ተብለው ተነቅለው ወደ ሙሽራዋ ቤት ሄዱ።

"መብራት ቢጠፋ በምን ልሠራ ነው?" አለች ሽቦ።

"ጄኔሬተር አለሽ አይደል?" አሏት ኃላፊዎቹ።

"ያለኝማ ጡረታ መውጣት ያለበት ሽማግሌ ነው።"

ሳቁባት። ሙሽራ በገባችበት ቤት የአሮጊቷን ሳል ማን ያዳምጣል!

የኮረብታው ግርጌ ላይ የሽቦ ታላቅ ወንድም ቤት እየሠራ ነበር። ግንበኛ ነው፤ ሠራተኞቹ "ቱንቢ" ይሉታል፣ በግንበኞች ገመድ ጫፍ በተንጠለጠለው ብረት ስም። ቀጥ ያለ ነው፤ አይጣመምም፣ አይታጠፍም፣ ይቅርታም አይቀናውም።

ቱንቢ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር የቆየ ቂም ነበረው። ልጅ ሳለ አንድ ቀን አባቱን ተከትሎ ወደ ሜዳው ሄዶ ነበር። ነፋሱ ድንገት ዞረና የተለኮሰው በርሜል ተገለበጠ፤ ዘይቱ በአባቱ እጆች ላይ ፈሰሰ። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ፤ ሰው ሁሉ ወደ አውሮፕላኑ ሮጠ። አባቱ እሳት የያዘውን እጁን ሣር ውስጥ ሲቀብር ያየው እሱ ብቻ ነበር። አባትዬው ከዚያ በኋላ በጣቶቹ አዝራር መቆለፍ እንኳ አቃተው፤ መሥሪያ ቤቱም የበር ጠባቂ አደረገው። ቆይቶ አስፋልቱ ሲረዝም ቤታቸው ፈረሰና ኮረብታው ግርጌ ቦታ ተሰጣቸው።

"ይህ ሜዳ የአባቴን እጅ በላ፤ ቤታችንን በላ፤ አሁን የቀረሁት እኔ ነኝ" ይል ነበር ቱንቢ።

እህቱ እዚያው ስትቀጠር ቅር አለው፤ ግን ዋጠው። ያልዋጠው ሌላ ነገር ነው። ከምሰሶው አጠገብ ብረት የበዛበት ፎቅ ከተሠራ የሬዲዮው ድምፅ ይንሻፈፋል፤ ስለዚህ ግርጌው ላይ ከምድር ቤት በላይ አይፈቀድም። ቱንቢ ፎቅ ሲጀምር ለክተው እንዲያመጡ ከማረፊያው የተላኩት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ ሽቦ ናት። የሜትሩን ጫፍ የያዘችውም እሷ ናት። ወንድሟ ከደጁ ቆሞ አያት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባታቸውን ልትጠይቅ ስትመጣ እሱ በጓሮ በር ይወጣል። ግንባታውንም አላቆመም። "ያፍርሱት! እኔ እሠራለሁ፣ እነሱ ያፍርሱ" አለ።

መርፌዋ በባዘነችበት ዕለት ከማለዳው ጀምሮ ደመናው ወርዶ ኮረብታው ላይ ተኝቷል። ሽቦ በሩን ከፍታ ብትወጣ የምሰሶው አጋማሽ አይታያትም። ከግርጌው የሰው ጫጫታና የሞተር ድምፅ ይሰማል፤ ወንድሟ የፎቁን ወለል ኮንክሪት እየሞላ ነበር። ኮንክሪቱ አይጠብቅም ብሎ በዚያ ጭጋግ ሥራውን ጀምሯል። በጎን ደግሞ አንድ እስካቫተር የፍሳሽ ጉድጓድ ይቆፍራል።

የመገናኛ ሬዲዮዋ ጮኸ።

"ሽቦ፣ ከማማው ነው። የረፋዱ በረራ መጥቷል፤ አናትሽ ላይ ሊደርስ ነው።"

የበረራ ተቆጣጣሪው ነው። "በረዶ" ይሉታል፤ ሰማይ ቢደፋ ድምፁ አይሞቅም። ሽቦም "እሺ ጋሼ፣ ሁሉም ደህና ነው" ብላ ወደ መሣሪያዎቹ ዞረች።

አፏን ሳትዘጋ መብራቱ ጠፋ።

ክፍሏ ዘወትር እንደ ንብ ቀፎ ጥዝዝ ትላለች፤ ድምፁ ሲቋረጥ ጆሮዋ ላይ ጥፊ ያረፈ መሰላት። አምስት ስድስት ጊዜ እንደምትተነፍስ ያህል ቆየና ሽማግሌው ጄኔሬተር ከጓሮ ሳለ፣ ተንጠራራ፣ ተነሣ። መብራቶቹ ተመለሱ። "ተመስገን" አለች። ምስጋናዋን ሳትጨርስ ከጓሮ እንደ ጅራፍ የሚጮህ ነገር ሰማች፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ጎማ ሸተታት። ሮጣ ወጣች። የሞተሩ ቀበቶ ተበጥሶ ወደ ማራገቢያው ገብቷል፤ ማራገቢያው ተሰባብሮ የውሃ ማቀዝቀዣውን ቀዶታል። ትኩስ ውሃ መሬቱ ላይ እየፈሰሰ ይጨሳል። ሽማግሌው አንዴ ተንፈቀፈቀና ዝም አለ።

"ሽቦ፣ ከማማው። ድምፅሽ ጠፍቷል። አብራሪው መርፌዋ ባዘነች ይላል።"

"መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩም ሞተ" አለች። የራሷ ድምፅ የሌላ ሰው መሰላት። "ይውጣ ጋሼ! ከተራሮቹ በላይ ይውጣ!"

"እየወጣ ነው። ግን ስሚኝ። ወዲያኛው ከተማ ያለው ማረፊያ ከሌሊት ጀምሮ በዝናብ ተዘግቷል። ወደ መጣበት ለመመለስም ነዳጁ አይበቃውም። ላይ ሆኖ ሊጠብቅ የሚችለው ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ከዚያ በላይ አትቁጠሪ።"

"ሙሽራዋስ?"

"አልተፈተሸችም። ጨረሯ ወደ አስፋልቱ ይምራው ወደ ጉድጓድ ማን ያውቃል? በሰው ነፍስ አልሞክራትም።" አለ በረዶ። "ሌላ መንገድ ካለሽ አሁን ነው።"

ሽቦ የተሰባበረውን ማራገቢያ አየች። ባትሪዎቹ የነበሩበትን ባዶ መደርደሪያ አየች። ከግርጌው፣ ከጭጋጉ ውስጥ፣ የሌላ ጄኔሬተር ድምፅ ይመጣል፤ ጤነኛ፣ ወጣት ድምፅ።

ቁልቁለቱን ወረደችው ከማለት ወደቀችው ማለት ይቀላል። ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ጭጋጉ ዓይን ይዘጋል፤ ሁለት ጊዜ በቂጧ ተቀመጠች። ግርጌው ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው እስካቫተሩን ነው። ክንዱን እንዳነሣ ቆሟል፤ ሾፌሩ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ራሱን ይዟል። ጉድጓዱ ውስጥ የኮረብታው ኬብል እንደተቀላ እባብ ለሁለት ተከፍሎ ተጋድሟል።

"ምልክቱ አልታየኝም እቴ፤ ጠጠር ደፍተውበት ነው፤ እናቴ ትሙት አላየሁም!" አለ ሾፌሩ።

አልፋው ሮጠች። ከጎኑ ያለው የኮንክሪት ማንሻ ባልዲውን ይዞ ሽቅብና ቁልቁል ይመላለሳል፤ ወለሉ ላይ ሠራተኞች በቦት ጫማ ኮንክሪት ውስጥ ቆመው ይደለድላሉ። ጄኔሬተሩ በሁለት ጎማ ላይ ተቀምጦ ማንሻውንም፣ ኮንክሪቱን እየነቀነቀ የሚያስተኛውን መንዘሪያም ያንቀሳቅሳል። ወንድሟ ወለሉ ጠርዝ ላይ ቆሟል።

"ጋሼ!" ብላ ጮኸች።

ቱንቢ ቁልቁል አያት። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊት ለፊት ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው። በመሰላሉ ወረደ፤ ፊቱ ላይ ሲሚንቶ ደርቋል።

"አባባ ምን ሆነ?"

"አባባ ደህና ነው። ጄኔሬተርህን ስጠኝ።"

"ምን?"

"ኬብሌን ቆረጣችሁት። የእኔ ጄኔሬተር ተሰባበረ። ላይ አውሮፕላን አለ፤ መንገድ ጠፍቶበታል። ጄኔሬተርህን ስጠኝ።"

ቱንቢ ወደ ጉድጓዱ ተመለከተ፤ ኬብሉን ያየው ገና አሁን ነው። ከዚያ ወደ ወለሉ ቀና አለ። ግማሹ ተሞልቷል፤ ግማሹ ገና ባዶ ብረት ነው።

"ሙሌት ላይ ነኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? መሐል ላይ ከቆመ ነገ ግማሹ ድንጋይ ግማሹ ጭቃ ነው፤ አይያያዝም። ይሰነጠቃል። ሰው አይኖርበትም።"

"አውቃለሁ።"

"ይህን ቤት ልታስፈርሺ ሜትር ይዘሽ መጣሽ። አልሆነልሽም። ዛሬ ደግሞ በገዛ እጄ እንዳፈርሰው ልትለምኚኝ መጣሽ?"

"አዎ" አለች። ሌላ የምትለው አልነበራትም። "አዎ ጋሼ።"

ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ያዳምጣሉ። በዚያ መሐል ከላይ፣ ከደመናው ወዲያ፣ የሞተር ድምፅ መጣ። አይታይም። ከወዲህ ወደ ወዲያ ተንቀሳቀሰ፣ ራቀ፣ ደግሞ ተመለሰ። ሁሉም አንገቱን ሽቅብ አቀና፤ ነጭ ብቻ ነው የሚታየው።

"ማን አለ ውስጡ?" አለ ቱንቢ።

"አላውቅም።"

"የምናውቀው ሰው አለ?"

"አላውቅም አልኩህ እኮ! ሰው ነው ያለው። ሰው!"

ግቢው በር ላይ አባታቸው በወንበሩ ተቀምጦ ነበር፤ ጋቢ ትከሻው ላይ፣ የተጨማደዱ እጆቹ ጉልበቱ ላይ። ዓይኑ ደክሟል፤ ጆሮው ግን የወጣት ነው።

"እየዞረ ነው" አለ ሽማግሌው፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። "መንገድ የጠፋው ሞተር ድምፁ ያስታውቃል። ያንኑ ቦታ ነው የሚረግጠው።"

ቱንቢ የአባቱን እጆች አየ። ፊቱ ላይ ያለፈውን ነገር ሽቦ በኋላም ልትገልጸው አልቻለችም፤ ንዴትም ነበረበት፣ ለቅሶም ነበረበት። ከዚያ ዞሮ እንደ መድፍ ጮኸ።

"ማንሻውን አቁም! ገመዱን ንቀል! ባልዲውን ተወው! አንተ..." ወደ እስካቫተሩ ሾፌር ጠቆመ፤ "ስታበቃ ታለቅሳለህ። ሞተር አስነሣ። ይህን ጄኔሬተር ጎትተህ ኮረብታው ላይ ታወጣልኛለህ።"

"ጌታዬ፣ ኮንክሪቱስ?" አለ አንድ ሠራተኛ።

"ኮንክሪቱ ይቅር! ንቀል ነው ያልኩህ!"

ጄኔሬተሩን በሰንሰለት ከእስካቫተሩ ጭራ ጋር አሰሩት። ዳገቱ ጭቃ ነው፤ እስካቫተሩ ብረት ሰንሰለት በለበሰው እግሩ እየቧጠጠ፣ እየተንሸራተተ ወጣ። ሠራተኞቹ ከኋላ ጎማው ወደ ገደሉ እንዳይሾልክ ትከሻቸውን ሰጥተው ይገፋሉ። ሽቦ ከፊት ትሮጣለች፤ በሬዲዮው በረዶ ይጠይቃል፣ እሷ እየተነፈሰች ትመልሳለች።

"የት ደረስሽ?"

"አጋማሹ ላይ።"

"ቶሎ በይ አልልሽም" አለ በረዶ። "ግን ቶሎ በይ።"

አናቱ ላይ ሲደርሱ ክፉው ነገር መጣ። ምሰሶውን ዙሪያውን ወጥረው የያዙት የብረት ገመዶች አሉ፤ ከመሬት ተነሥተው በጭጋጉ ውስጥ ይጠፋሉ። እስካቫተሩ አንዷን ቢበጥስ ምሰሶው እላያቸው ይወድቃል፤ ያኔ ጄኔሬተር ቢኖር ባይኖር ዋጋ የለውም። ሾፌሩ ከመስታወቱ ውጪ ምንም አይታየውም።

"ቁም!" አለ ቱንቢ። ወደ ፊት አልፎ አንዱን ገመድ በግራ እጁ ጨበጠ፤ ቀኝ እጁን ወደ ማሽኑ ዘረጋ። ጀርባውን ለገመዱ ሰጥቶ በእስካቫተሩና በገመዱ መሐል ቆመ። "እኔን እያየህ ና። እኔን ካልነካህ ገመዱን አትነካም።"

"ጋሼ፣ ከዚያ ውጣ!" አለች ሽቦ።

"አንቺ ሥራሽን ሥሪ።"

ማሽኑ ስንዝር በስንዝር ተንቀሳቀሰ። ክንዱ በቱንቢ ትከሻ አጠገብ ሲያልፍ ሸሚዙን ያዘውና ቀደደው፤ እሱ ዓይኑን አልነቀለም። "ወደ ግራ... ትንሽ... ቀጥ በል... ና፣ ና፣ ና... በቃ!" ጄኔሬተሩ የክፍሏ በር ላይ ቆመ።

ሽቦ ኬብሉን ልጣ ከጄኔሬተሩ ጋር አሰረች። ሞተሩ ተነሣ። የመለኪያው መርፌ ግን ሽቅብ ተወረወረ፣ ተመልሶ ወረደ፣ ደግሞ ተወረወረ። የግንባታ ጄኔሬተር ነው፤ ኃይሉ ይዋዥቃል። ማንሻ ቢንገጫገጭ ምንም አይደለም፤ የቢኮኑ ማሰራጫ ግን እንዲህ ከተደረገ ይቃጠላል።

"የነዳጅ መስጫውን የሚይዝ ሰው እፈልጋለሁ! በእጅ! እኔ ስልህ ከፍ፣ ስልህ ዝቅ!"

ቱንቢ ጄኔሬተሩ ላይ ተደፍቶ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ በሁለት እጁ ያዘ። "በይ።"

"ዝቅ... ዝቅ... ትንሽ ከፍ... እዚያ! እዚያ ላይ እንዳትነቃነቅ!"

ማብሪያውን ገፋች። አሮጌ ማሰራጫ እንደ ዘመኑ ዕቃ ወዲያው አይነሣም፤ ውስጡ ያሉት የብርጭቆ ቱቦዎች መሞቅ አለባቸው። ሳይሞቁ ከተገፉ ይፈነዳሉ። ቆማ መጠበቅ ነው። ቱቦዎቹ መጀመሪያ ጥቁር ነበሩ። ከዚያ በውስጣቸው እንደ ፍም ጫፍ ደብዘዝ ያለ ቀይ ታየ። ሽቦ ጥርሷን ነክሳ ቀዩን ትጠብቃለች፤ ውጪ ወንድሟ ዘንጉን ይዟል፤ ከላይ ሞተሩ ይዞራል።

"ሽቦ" አለ በረዶ። "አብራሪው ከእንግዲህ መጠበቅ አልችልም ይላል። ወይ መርፌ ስጪው፣ ወይ በግምት ሊወርድ ነው።"

"በግምት አይውረድ! እየሞቀ ነው በለው!"

"ስንት ይቀራል?"

"እየሞቀ ነው በለው አልኩህ!" በሕይወቷ በረዶን 'አንተ' ብላ አታውቅም ነበር፤ ያኔ ግን ማንም ልብ አላለውም።

ቱቦዎቹ ደመቁ። ሁለተኛውን ማብሪያ ጫነች። ክፍሏ እንደ ቀድሞዋ ጥዝዝ አለች። የቢኮኑ ጥሪ፣ ያ አጭርና ረጅም እየሆነ የሚደጋገም ፉጨት፣ ከትንሿ ድምፅ ማጉያ ወጣ።

ከሬዲዮው ምንም አልመጣም። ምንም። ከዚያ፦

"ያዛት" አለ በረዶ። "መርፌዋን ያዛት። ወደ አንቺ እየመጣ ነው።"

መጣም። ኮረብታው አናት ላይ ሲደርስ ድምፁ የጣሪያውን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው፤ የጄኔሬተሩ ገፊዎች መሬት ላይ ተለጠፉ። አልታየም፤ ጥላ ብቻ በጭጋጉ ላይ አለፈ። ቱንቢ አንገቱን ቀበረ እንጂ እጁን አላነሣም። ድምፁ ወደ ተራሮቹ ሄደ፣ ዞረ፣ ተመለሰ፣ ዝቅ አለ፣ ወደ ከተማው ቁልቁል ወረደና ጠፋ።

የመጥፋቱ ጊዜ ነው የከፋው። ከጠፋ በኋላ ወይ አስፋልት ነው፣ ወይ ሌላ ነው። ሽቦ በሩ ላይ ቆማ ሬዲዮዋን ደረቷ ላይ ለጥፋለች። ሠራተኞቹ ኮፍያቸውን አውልቀዋል። የእስካቫተሩ ሾፌር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

"ሽቦ" አለ በረዶ፤ ድምፁ ተሰበረ። "አርፏል። ሁሉም ደህና ናቸው። አርፏል።"

አንድ ሠራተኛ ኮፍያውን ወደ ሰማይ ወረወረ። ሾፌሩ ካለበት ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሽቦ ወጥታ ወንድሟን አየችው፤ አሁንም ዘንጉን ይዟል።

"ጋሼ፣ በቃ። ልቀቀው።"

"ልልቀቅ?"

"ልቀቅ።"

ጣቶቹ ወዲያው አልተላቀቁም፤ አንድ በአንድ ፈታችለት። ከዚያ ቁልቁለቱን ወረዱ። ቱንቢ ወለሉ ላይ ወጥቶ በቦቱ ጫፍ ኮንክሪቱን መታ አደረገው፤ መጠንከር ጀምሯል። ባልዲው ውስጥ የቀረው እንኳ ከእንግዲህ አይፈስም።

"ስንት ሰው ነበር ያሉት?" አለ አባታቸው ከበሩ።

"ብዙ ነው አባባ" አለ ቱንቢ። "ሁሉም ወርደዋል።" ከዚያ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሽቦ አጠገቡ ተቀመጠች። እሱም ተነሥቶ አልሄደም።

ከሰዓት በኋላ የማረፊያው ኃላፊዎች መጡ፤ ከኋላቸው ፖሊስ አለ። ኬብሉን የቆረጠው ማነው ተባለ። ቱንቢ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሽቦ ቀደመችው።

"የቆረጠው እስካቫተር ነው፤ ምልክቱ ተሸፍኖ አላየውም። ጥፋት ነው። ባትሪዬን የወሰደብኝ ሰው ደግሞ፣ ያስታውስ እንደሆነ፣ እዚህ ቆሟል። ባትሪው ቢኖር ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። የቤቱን ሙሌት አቁሞ አውሮፕላኑን ያወረደው ይህ ወንድሜ ነው። እሱን ከምትጠይቁት በፊት እኔን ጠይቁኝ፤ ከእኔ በፊት ደግሞ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ።"

ከኃላፊዎቹ አንዱ መሬት መሬት አየ። ፖሊሱ ኬብሉን ተመልክቶ ሄደ። ባትሪዎቹ በማግስቱ፣ ሳይጠየቁ፣ ኮረብታው ላይ ተመለሱ።

ፎቁ ግን ሳይፈቀድ ቀረ። ኃላፊዎቹ ለቱንቢ እጅ ነሡ፣ አመሰገኑ፣ ሌላ ቦታ እንደሚያፈላልጉለት ቃል ገቡ፤ ሕጉ ግን ሕግ ነው አሉ። ሽቦ ይህን ስትሰማ ልትጮህ ነበር፤ ቱንቢ ነው ያስቆማት። "ተዪው። ልክ ናቸው። የዚያን ቀን መርፌዋ ብትንሻፈፍ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አይቻለሁ።" ይህን ሲናገር ግን ፈገግ አላለም፤ የቤቱ ነገር አንጀቱን እንደሚያቃጥለው ያስታውቃል።

ሽቦ የዕረፍት ቀኗን ጠብቃ አሮጌ ሱሪ ለብሳ መጣች። ቱንቢ ወለሉ ላይ ቆሞ የደረቀውን ኮንክሪት በመዶሻ ይሰብራል፤ ብረቱን ሊያድነው ነው። ልታይ ወጣች፤ መዶሻውን ተወና አያት።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ልሰብር።"

"አንቺ? ነፋስ ቢነፍስ ከዚህ ወለል ላይ ይወስድሻል።"

"መዶሻ ከያዝኩ አይወስደኝም።"

ከት ብሎ ሳቀ፤ ሽቦ ከልጅነታቸው ወዲህ ይህን ሳቅ አልሰማችም። ትንሹን መዶሻ ሰጣት፤ የት እንደምትመታ፣ ድንጋዩ ወዴት እንደሚፈናጠር አሳያት፤ ዓይኗን እንድትሸፍንበትም የራሱን መነጽር አወለቀላት። ጎን ለጎን ቆመው ሲመቱ አባታቸው ከታች "ምንድን ነው የምታንኳኩት? ቤቱ ሊወድቅ ነው እንዴ?" ብሎ ጮኸ።

"እያወረድነው ነው አባባ!" አለች ሽቦ። "ወንበርህን ወደ ጥላው ሳብ አድርግ፤ አቧራ እንዳይደርስብህ!"

ወንድሟ ወርዶ ወንበሩን ራሱ ሳበለት፤ ተመልሶ ወጣና መዶሻውን አነሣ።